ከጉልት እስከ ግራንት፦ ጣሪያው ሲያፈስ ማን ነው የሚጠራው?

ፌስቡክ ላይ ደጋግመን የምናየው ጥሪ አለ። የአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ፎቶ፣ ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ «ጣሪያው እያፈሰሰ ነው፤ የአቅማችሁን» የሚል ቃል። ከአዲስ አበባም፣ ከዋሽንግተንም፣ ከዱባይም ብር ይላካል። ከፍ ሲል ደግሞ ኤምባሲው አለ፣ የአውሮፓ ኅብረት አለ፣ ዩኔስኮ አለ። ፕሮፖዛል ይጻፋል፣ ፈንድ ይለቀቃል፣ ሪባን ይቆረጣል።

ይሁን፣ ጥሩ ነው። ግን እስኪ አንድ ነገር እንጠይቅ። ይህ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት፣ ስንት መቶ ዓመት ሙሉ፣ የዚያን ደብር ጣሪያ ማን ያስጠግነው ነበር? በዙሪያው ያለውን ደን ማን ይጠብቀው ነበር? ከደኑ ማዶ ያለውን ጓሳና አውሬውንስ? መልሱ የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዛሬ ገንዘባችንን እንዴት እንደምንሰጥ የሚነግረን ነገር አለው። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡና ቢጤ ይዛችሁ ተከተሉኝ።

የጥንቱ ግራንት ጉልት ነበረ

ነገሩ እንዲህ ነው። በድሮው ሥርዓት ንጉሥ ወይም እቴጌ ቤተ ክርስቲያን ሲተክሉ ሕንፃውን አሠርተው ብቻ አይሄዱም። መተዳደሪያም ይሰጣሉ። መተዳደሪያው ደግሞ ጥሬ ብር አይደለም፣ መሬት ነው። በትክክል ለመናገር ከመሬቱ የሚሰበሰበው ግብር ነው። ይህ ነው ጉልት የሚባለው። ገበሬው ርስቱን አይለቅም፤ ያርሳል፣ ለልጁም ያወርሳል። ለቤተ መንግሥቱ ይከፍለው የነበረውን ግብር ግን ከዚያ ወዲያ ለደብሩ ይከፍላል።

ገቢው ዝም ብሎ አንድ ካዝና ውስጥ የሚገባ አልነበረም። እያንዳንዱ ድርሻ ከአንድ ሥራ ጋር የታሰረ ነው። ይህኛው የቄሱ፣ ያኛው የዲያቆኑ፣ ያ ደግሞ የመሪጌታው። ለዕጣን፣ ለጧፍ፣ ለመገበሪያ ስንዴና ለዘቢብ የሚሆነውም ከዚያው ይወጣል። ሰሞን መሬት የሚባለው ካህኑና ደብተራው በአገልግሎታቸው የሚይዙት መሬት ነበር። አገልግሎቱን ያቋረጠ ወይ ምትክ ያቆማል፣ ወይ መሬቱን ይለቃል። በአጭሩ፣ መሬቱን የያዘ ሰው ሥራውንም ይዟል ማለት ነው።

ውሉስ የት ይጻፋል? እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ በወንጌሉ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ። «ወንጌል ዘወርቅ» ተብለው የሚጠሩት የደብር ወንጌሎች ቃለ እግዚአብሔር ብቻ ሳይሆን የደብሩ መዝገብ ቤትም ነበሩ። ማን እንደሰጠ፣ ምን እንደሰጠ፣ በማን ፊት እንደሰጠ ይጻፋል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ውሉን የሚያፈርስ ሰው በሐዋርያት ቃል የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ይከተላል። ያኔ ኦዲተር የለም፤ የኦዲተሩን ሥራ የሚሠራው ግዝቱ ነበር።

አሁን ደግሞ የሚገርመው። ከእነዚህ ሰነዶች እጅግ ከቆዩት መካከል የሚቆጠሩት የራሱ የንጉሥ ላሊበላ ናቸው። ዛሬ ኤርትራ ውስጥ በሚገኘው በሽመዛናው ደብረ ሊባኖስ ወንጌል ላይ፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላሊበላ ለገዳሙ የሰጠው የመሬት ስጦታ ተመዝግቧል። ጣሊያናዊው ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1901 አሳትሞታል። ስሙ ዛሬ ከአብያተ ክርስቲያናት ጥገናና ከውጭ ድጋፍ ጋር ሳይነጣጠል የሚነሣው ንጉሥ በዘመኑ ራሱ ሰጪ ነበረ ማለት ነው።

ወደ ጎንደር ዘመን ስንመጣ ሰነዱ ይበዛል። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው ስለ መሬትና ኅብረተሰብ የጻፈው መጽሐፍ በአብዛኛው የቆመው በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ከተገኙ እንዲህ ዓይነት ማስታወሻዎች ላይ ነው። ሽያጭ፣ ውርስ፣ ክርክር፣ ስጦታ፤ ሁሉም እዚያ አለ። እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምን ሲተክሉም ሕንፃና መተዳደሪያ አብረው ነው የሄዱት።

ግን ገነት አልነበረም

«አይ የድሮ ዘመን!» ለማለት የቸኮለ ካለ ትንሽ ይታገሥ።

«ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚለውን አባባል ሁላችንም ሰምተናል። አገሪቱ በእርግጥ በገመድ ተለክታ ሦስት ቦታ ተከፍላለች ማለት አይደለም። አባባሉ የሚናገረው ግን እውነት አለ። የነጋሹንም የቀዳሹንም እንጀራ የሚያወጣው አራሹ ነው። ጉልት ለደብሩ መተዳደሪያ ነው፤ ለገበሬው ግን ሸክም ነው። ዝናብ ቢጠፋም አንበጣ ቢመጣም ግብሩ አይቀርም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ደግሞም ጉልት ኖሮ ሁሉም ነገር በጊዜው ይጠገን ነበር ማለት አይደለም። ለዚህም ምስክሩ ላሊበላ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱን የፈለፈሉት ሰዎች ውኃው የሚወርድበትን ቦይም አብረው ፈልፍለዋል። ሥራቸውን ያውቁ ነበር። ቦዮቹ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት በአፈር ተሞልተው ኖሩ። የተጠረጉት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በመካከሉ የገባው ውኃ ያደረሰውን ጉዳት ዛሬም እያየነው ነው። ካህኑ መተዳደሪያ ነበረው፣ ማኅሌቱ አልተቋረጠም፤ የቦይ ጠራጊው ነገር ግን ተረሳ።

ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን።

1967 እና ከዚያ በኋላ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ታወጀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ገበሬው ከጭሰኝነት ወጣ፤ ይህ ታሪክ የማይረሳው ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ደግሞ ጉልቷንም የኪራይ ቤቷንም በጥቂት ወራት ውስጥ አጣች። ጉልት በሥራ የተሸነሸነ ነበር ብለናል። እንግዲህ መሬቱ ሲሄድ ከመሬቱ ጋር የታሰረው የሥራ ድልድልም አብሮ ተፈታ።

ደግነቱ ሰበካ ጉባኤ ተጀምሮ ነበር። ቃለ ዓዋዲ የወጣው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በ1965 ዓ.ም. ነው። ምእመኑ በአባልነት እየከፈለ ደብሩን እንዲያስተዳድር መንገድ ከፍቷል። ከዚያ ወዲህ የገጠር ደብር የሚኖረው በአባላት ክፍያ፣ በዓሥራት፣ በስእለትና በሙዳየ ምጽዋት ነው። ይህ ለቅዳሴው፣ ለዕጣኑና ለካህኑ ትንሽ ደመወዝ እንደ ምንም ይበቃል። ግድግዳ ሲሰነጠቅ፣ ሥዕል ሲላቀቅ፣ ጣሪያ ሲወርድ ግን አይበቃም። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩና ፕሮፖዛሉ የመጡት በዚህ ክፍተት ነው።

ላሊበላ፦ ትልቁ ገንዘብ፣ ትልቁ ትምህርት

የውጭው ገንዘብ እንኳ የመጣው ከአብዮቱ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ጄምስ ግሬይ የተባለ ጡረታ የወጣ የአሜሪካ ጦር ኮሎኔል ኒውዮርክ ላይ ኢንተርናሽናል ፈንድ ፎር ሞኑመንትስ የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ዛሬ ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ የምንለው ማለት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ ላሊበላ ነበረ። ከ1966 ጀምሮ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር በመተባበር፣ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ጥገናውን መራ።

አንጀሊኒ መጥቶ ካገኛቸው ችግሮች አንዱ ምን መሰላችሁ? የቀድሞ ጥገና! ከእሱ በፊት የነበሩ ሰዎች፣ በቅን ልቡና፣ ውኃ እንዳያስገባ ብለው አለቱን ሬንጅ መሰል ነገር ቀብተውት ነበር። አለት ግን ቆርቆሮ አይደለም፤ ይተነፍሳል። ቅቡ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል። ስለዚህ ጠጋኞቹ ከሥራቸው አንዱን ክፍል ያዋሉት የጠጋኞችን ሥራ በማስነሣት ነው። ሥራው እስከ 1972 ድረስ ዘለቀ፣ ከዚያ አብዮቱ መጣ። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሲሰፍር፣ ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጋር ሆኖ በዓለም ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነበር።

ቀጥሎ የመጣውን ሁላችሁም በፎቶ ታውቁታላችሁ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ፣ በቤተ መድኃኔ ዓለም፣ በቤተ ማርያም፣ በቤተ አማኑኤልና በቤተ አባ ሊባኖስ ላይ አራት ግዙፍ መጠለያዎች ቆሙ። በ2000 ዓ.ም. ተጠናቀቁ። ሲታሰቡ ጊዜያዊ ነበሩ። አለቱን ከዝናብ ይጋርዱታል፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ቋሚ ጥገና ይደረጋል፣ ከዚያ ይነሣሉ፤ ሐሳቡ ይህ ነበር።

ዝናቡን በእርግጥ ጋረዱ። ቋሚው ጥገና ግን በሚፈለገው ፍጥነት አልመጣም። ዓመታት ሲያልፉ ጥያቄው ተገለበጠ። ብረቱና ክብደቱ ራሱ አደጋ ነው፣ ነፋስ ያነሣው እንደሆነ ቅርሱ ላይ ይወድቃል፣ ያለ ልክ የደረቀውም አለት ይሰነጠቃል የሚል ሥጋት በረታ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማው ሕዝብ ሰልፍ ወጣ። በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥተው አገራቸው እንደምትረዳ ቃል ገቡ። «ጊዜያዊ» የተባለው መጠለያ በዚያን ጊዜ አሥር ዓመት አልፎታል።

እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል አንሁን። መጠለያውን የሠሩት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ዝናቡ እውነተኛ ችግር ነው፣ መጠለያውም ለዝናቡ መልስ ነው። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ፕሮጀክት መጀመሪያና መጨረሻ አለው። የሚያበቃበት ቀን ውሉ ላይ ተጽፏል። አለቱ ግን የሚያበቃበት ቀን የለውም። ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ ባለው ማግስት፣ ብሎኑን የሚያጠብቀው፣ ስንጥቁን የሚለካው፣ «አሁንስ ይነሣ» ብሎ የሚወስነው ማን ነው? ያ ሰው በበጀቱ ውስጥ አልነበረም።

እዚያው ላሊበላ ውስጥ በሌላ መንገድ የሄደ ሥራም አለ። በአሜሪካ አምባሳደሮች የባህል ቅርስ ፈንድ ድጋፍ፣ ያው ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ ከአገር ውስጥ ባለሥልጣናት ጋር ሆኖ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን፣ ቀጥሎም ቤተ ጎልጎታ ሚካኤልን ጠግኗል። መጠለያ አልተሠራም፤ የተሠራው ራሱ አለቱ ላይ ነው። ስንጥቁ ተደፈነ፣ ጣሪያው ውኃ እንዲያፈስስ ተስተካከለ። የአካባቢው ሰዎችም ሠልጥነው በሥራው ተሳተፉ። ልዩነቱን አያችሁት? ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ባለሙያው ሻንጣውን ይዞ ቢሄድም እጅ የገባ ሙያ ከተማው ውስጥ ይቀራል።

የቤተ ክርስቲያን ደን፦ ድንጋይና ቃል

አሁን ከአለቱ ወደ ዛፉ እንሂድ። ደቡብ ጎንደርን ከሰማይ ያየ ሰው የሚያየው እርሻ፣ እርሻ፣ እርሻ፤ በመካከሉ ደግሞ እዚህም እዚያም ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ ነው። እያንዳንዱ ነጠብጣብ መሐል ቤተ ክርስቲያን አለ። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሆላንዱ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት ጥናት በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ 168 የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያዎችን መዝግበዋል። ዛፉ ሲኖር ወፉ፣ ንቡ፣ ጉሬዛው፣ ምንጩ አብሮ ይኖራል።

እነዚህ ደኖች እንዴት ተረፉ? አጋጣሚ ነው የሚል ካለ፣ ጥሩ ማስረጃ አለ። ጣሊያን አገሪቱን በያዘበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ከአውሮፕላን ያነሣቸው ፎቶዎች አሉ። ተመራማሪዎች እነዚያን ፎቶዎች ከቅርብ ጊዜ የሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተዋቸው ነበር። በዙሪያው የነበረው ቁጥቋጦ ወደ እርሻ ሲለወጥ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደን በአብዛኛው በቦታው ቆሟል። በመካከሉ ወረራ አለ፣ አብዮት አለ፣ የመሬት አዋጅ አለ፣ ድርቅ አለ፣ ጦርነት አለ። ጉልቱ ሄደ፣ ደኑ ቀረ። ለምን ቢሉ፣ ደኑ የሚጠበቀው በገቢ ሳይሆን በቃል ስለነበረ ነው። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ አይቆረጥም፣ ከቆረጡም በፈቃድና ለቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ነው። ሕፃኑም ያውቀዋል።

ግን ቃል የማይመልሰው ነገር አለ። ከብት! ከብት ግዝት አይገባውም። ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ከሥሩ ችግኝ የለም፤ የበቀለው ሁሉ ይበላል፣ ይረገጣል። ሽማግሌ ብቻ ያለበት፣ ልጅ የሌለበት መንደር ማለት ነው። የዶክተር ዓለማየሁ ጥናት ከብት ሲከለከል ችግኙ እንደሚያገግም አሳየ። ከዚያ ሜግ ሎውማን ከምትባል አሜሪካዊት የደን ተመራማሪ ጋር ተገናኝተው ወደ ካህናቱ ሄዱ። በምክክሩ የተገኘው መፍትሔ ቀላል ነው፦ የድንጋይ አጥር።

ድንጋዩ ከየት ይምጣ? ከገበሬው ማሳ። ድንጋይ ሲለቀም ማሳው ለማረሻ ይመቻል፣ አጥሩም ይሠራል። ጉልበቱ የምእመኑ፣ ድንጋዩ የማሳው ነው። ከውጭ የሚሰበሰበው ገንዘብ የሚሞላው የጎደለውን ብቻ ነው። ደግሞም አንዳንዱ ደብር አጥሩን ያለው ደን ጠርዝ ላይ ሳይሆን ወጣ አድርጎ ሠራው፤ ደኑ የሚያድግበት ቦታ እንዲኖረው። ይህን ማንም ፈረንጅ ፕሮፖዛል ላይ አልጻፈላቸውም። አጥሩ ሲፈርስ የሚጠግነውም እዚያው ያለ ሰው ነው፤ ድንጋዩ እዚያው ነውና።

ጓሳ፦ ሥርዓቱ ከገንዘቡ ሲቀድም

ሦስተኛው ምሳሌ መንዝ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ጓሳ የሚባለው አገር አለ። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይጎነጎንበታል። ሣሩ ባለበት አይጥ አለ፣ አይጥ ባለበት ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው፣ ቁጥሩም ወደ ጥቂት መቶዎች የወረደው ቀይ ቀበሮ ማለት ነው። ጭላዳውም መንጋ መንጋውን እዚያ ይግጣል።

የመንዝ ሰው እንደሚተርከው፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ አስቦና ጌራ የሚባሉ አባቶች ዘሮች ጓሳውን በጋራ ይዘው፣ «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ያስተዳድሩት ነበር። ጓሳው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል። ሣር አይታጨድም፣ ከብት አይገባም። ሣሩ ሲደርስ ተመርጦ በተሾመ አለቃ ትእዛዝ ይከፈታል፣ ሰው ሁሉ በድርሻው ያጭዳል፣ እንደገና ይዘጋል። በተዘጋበት ወራት ገብቶ የተገኘ ሰው ቅጣቱ ቀላል አልነበረም፤ ቤት እስከ ማቃጠል ይደርስ ነበር ይባላል። በዛሬ ዓይን ጭካኔ ነው፤ ግን ደንቡ ቀልድ እንዳልነበረ ይነግረናል።

1967 ይህንንም ነካው። የአስቦና የጌራ ዘር ነኝ ብሎ መሬት መያዝ በአዋጁ ቀረ፤ ሥልጣኑ ወደ ገበሬ ማኅበር ሄደ። ለዘመናት መብት ያልነበረው ሰው መብት አገኘ፤ ይህ ፍትሕ ነው። ነገር ግን «ዝጋ፣ ክፈት» የሚል ሰው ጠፋና ጓሳው ተጎዳ። የመንዝ ሰው ግን ዝም ብሎ አላየም። የድሮውን ደንብ ከአዲሱ አደረጃጀት ጋር አዋሕዶ፣ በየቀበሌው በተመረጡ ሰዎች ኮሚቴ አቋቋመና ጓሳውን መልሶ መዝጋት ጀመረ። በዘር የነበረው መብት የነዋሪው ሁሉ ሆነ፤ የመዝጊያና የመክፈቻው ጥበብ ግን ቀጠለ።

የውጭው ድጋፍ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የፍራንክፈርት ዞሎጂካል ሶሳይቲ ገንዘብና ባለሙያ ይዞ ሲመጣ ባዶ ሜዳ ላይ አልጀመረም፤ የቆመ ሥርዓት ነው ያገኘው። ስለዚህ ሥራው ያን ሥርዓት ማጠናከር ሆነ። ጥበቃዎችን መደገፍ፣ የአስተዳደር ዕቅድ ማውጣት፣ ለእንግዳ ማረፊያ የሚሆን የማኅበረሰቡ ሎጅ። ከዚያም የአማራ ክልል ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አወቀው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ መጀመሪያ ሥርዓት፣ ቀጥሎ ገንዘብ፣ በመጨረሻ ሕግ። ብዙ ቦታ ግን ተገልብጦ ነው የሚመጣው።

እንግዲህ ምን እንበል?

አራቱን አንድ ላይ እናስቀምጣቸው። ጉልቱ ለቀዳሹ ሰው አቆመ፣ ለቦዩ ግን አላቆመም፤ ቦዩ ተደፈነ። የላሊበላ መጠለያ ለዝናቡ ብረት አቆመ፣ ለማግስቱ ሰው አላቆመም፤ ጊዜያዊው ቋሚ ሆነ። የደቡብ ጎንደር አጥርና የመንዝ ጓሳ ግን ቀድሞ ከነበረ ሰውና ከነበረ ደንብ ላይ ነው የተተከሉት፤ ስለዚህ ገንዘቡ ሲያልቅ ሥራው አላለቀም።

ስለዚህ የእኔ መደምደሚያ ይህ ነው። ቅርስም ሆነ ደን ወይም አውሬ የሚቆየው በተሰጠው ብር ብዛት አይደለም። ከብሩ ጋር «ይህ ሥራ የእገሌ ነው» የሚል የታወቀ ግዴታ ሲታሰር ነው። ጉልት ፍትሐዊ አልነበረም፣ ይመለስ የሚልም የለም። ግን አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ ስጦታውን ከሥራ ጋር ያስር ነበር። የዘመኑ ግራንት ፍትሐዊ ነው፤ ከማንም ገበሬ ጎተራ አይወጣም። ማሰሩን ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ይህ ደግሞ የዩኔስኮና የአውሮፓ ኅብረት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው። ዛሬ ከትልልቆቹ ሰጪዎች አንዱ በየአጥቢያው ስም ገንዘብ የሚያሰባስበው የከተማና የውጭ አገር ልጅ ነው። የምንሰጠውስ ለምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ለአዲስ ሕንፃ። አሮጌው ከነሥዕሉ ይፈርሳል፤ ወይም ከጎኑ ትልቅ የሲሚንቶ ሕንፃ ይቆማል፤ ለእሱ ቦታ ሲባል ጽዱ ይቆረጣል። የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን የሚያጠኑ ሰዎች ደኑን ከውስጥ እየበሉት ነው ከሚሏቸው ነገሮች መካከል አዳዲስ ሕንፃዎች፣ የተመነጠሩ ቦታዎችና ባሕር ዛፍ አሉበት። ከጣሊያን ፎቶ ጀምሮ አዋጅና ድርቅ ያላሸነፈውን ደን በእኛ ልግስና እንዳናሸንፈው!

ገንዘብ ስትሰጡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህን ነገር እስከ ዛሬ ሲጠብቀው የኖረው ማን ነው፣ እሱስ በሥራው ውስጥ አለ ወይ? ሥራው ባለቀ በአምስተኛው ዓመት ጣሪያ ላይ ወጥቶ አሸንዳውን የሚጠርገው ማን ነው፣ በስም? ለእሱስ ምን ተቀመጠለት? ከምትሰጡት ዓሥር እጅ አንዱን እንኳ ለጥገና ብላችሁ ለይታችሁ፣ በሰበካ ጉባኤው መዝገብ ላይ አጽፉት። አባቶቻችን በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ይጽፉት እንደነበረው፣ ማን ሰጠ፣ ለምን ሰጠ፣ ማን ይሠራዋል ተብሎ ይጻፍ። ግዝቱ እንኳ ቢቀር፣ ፊርማ አይጠፋም።

ምርቃቱ ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ በአንድ ቀን ያልቃል። ዝናቡ ግን በየዓመቱ ሰኔ ላይ ይመጣል።

በአካባቢያችሁ በራሱ ደንብ ተጠብቆ የቆየ ደን፣ ደብር ወይም የግጦሽ ቦታ ካለ፣ ማን እንደሚጠብቀውና በምን ደንብ እንደሚጠብቀው ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ብዙው ነገር ያልተጻፈ ነው፤ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልፉ እንጻፈው።